በመዝገብ የሌለች ሴት

አባቴ ሲጽፍ የቅዱሳንን ስም ዘሎ ያልፍ ነበር። ጥቁሩን ቀለም እስከ ገጹ ግርጌ ያወርድና ለስም የሚበቃውን ቦታ በዓይኑ ለክቶ ባዶ ይተወዋል። ጥቁሩ ሲደርቅ የመቃ ብዕሩን ይለውጥና ወደ ኋላ ተመልሶ ክፍተቶቹን አንድ በአንድ በቀይ ይሞላቸዋል። የጌታን ስም፥ የእመቤታችንን ስም፥ ከዚያ የመጽሐፉን ባለቤት ስም። ባለቤት ማለት መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ነው። የሚጻፍለትም ጎረቤት የሚጠራበት ስሙ አይደለም፤ ክርስትና ሲነሣ ካህን ያወጣለት ስሙ ነው። አባቴ ያስጻፈውን ሰው ስም መዝለል ስርቆት ነው ይለኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና ይህን እንደ ሕግ ያዝሁት።

ዛሬ ሥራየ የጣናን ውኃ ከፍታና ዝቅታ መለካት ነው። ሐይቁ ዳር የተተከለውን ባለ ቁጥር እንጨት በየጧቱ አነባለሁ፤ ያየሁትን በአንድ ዓምድ፥ የገመትሁትን በሌላ ዓምድ እጽፋለሁ። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ በሠፈራችን የሆነውን ነገር ግን ለብዙ ዘመን ሁለቱን ደባልቄ ነው የያዝሁት። አሁን ልለያቸው።

በዚያ ግንቦት የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ባዶውን ቀረ። እኔ ራሴ አይቸዋለሁ፤ መደርደሪያው ላይ አንድ ካርቶን ክብሪት፥ መሬቱ ላይ እርጥበት የበላው የጨው ጆንያ፥ ከዚያ በቀር ሚዛኑ ብቻ። ሱቁን ያቋቋመው ነዋሪው ነው፤ ከየቤቱ በተዋጣ ገንዘብ። ስኳርና ሳሙና፥ ላምባም ቢሆን በተመዘገበ ካርድ የሚገኘው ከዚያ ብቻ ነበር። ገንዘቡ የት ገባ ተብሎ በግልጽ የተጠየቀ ሰው አልነበረም። ቁልፉን የያዘው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቢያዝን ነበር፤ ጓድ ቢያዝን ደግሞ በሰኔ ለሚደረገው የቀበሌ ምርጫ እንደገና ዕጩ ሆኖ ቀርቧል።

ምርጫው ሳይደርስ የበላይ አካል ሱቁን ከወደቀበት ሊያነሣው ነው ተባለ። መንግሥት ገንዘብና ዕቃ ይሰጣል፤ ነዋሪውም በየቤቱ አምስት አምስት ብር ይጨምራል። ሕዝቡ በዚህ ላይ ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲሰጥ ከአውራጃ የመጣው ካድሬ፥ ጓድ አስናቀ፥ የሳሙና ሣጥን ክዳኑን አሰንጥቆ በአዳራሹ በር ላይ አስቀመጠ።

የሕዝቡ ሐሳብ ግን ሣጥኑን አልጠበቀም። ከንጋት ጀምሮ የቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ነበር። ሴቶቹ ጀሪካናቸውንና እንስራቸውን ደርድረው በየዕቃቸው ጎን ይቆማሉ፤ እኔም የቤታችንን ጀሪካን ይዠ እሰማለሁ። አንዷ መንግሥት ከማን መቀነት ፈትቶ ነው የሚሰጠው ትላለች። ሌላዋ ከሰጠ ይስጥ፥ ሲሰጡ ዝም ሲነሡ ዝም ነው ትላለች። ስሙ ቢያዝን፥ አንጀቱ አያዝን የምትልም ነበረች፤ ይህን ጊዜ ሁሉም ወደ መሬት እያዩ ይሥቃሉ።

የሁለት ሴቶች ክርክር ነበር ወረፋውን የሚያደምቀው። እትየ የሺአረግ አጥር ለአጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን ናት። ባሏ ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ከሐይቁ ዓሣ እየተቀበለች ገበያ ትሸጣለች። እትየ አገርነሽ ደግሞ የልብ ወዳጇ ናት፤ ትንሽ ሻይ ቤት ነበረቻትና ስኳር ካጣች ወር አልፏታል።

«ሌባም ያድለው መልአክ፥ ስኳር ስኳር ነው» አለች አገርነሽ።

የሺአረግ ጀሪካኗን በእግሯ ወደ ፊት ገፋ አደረገች። «ውኃ የጠጣ ታንኳ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል እንጂ ጭነት አይጨምሩበትም። መንግሥት ሱቁን ያንሣ፤ እሰየው። ግን አስቀድሞ ቁልፉን ከቢያዝን ይቀበሉት።»

«አንች ታንኳሽን ስታሰጭ እኛ በረኃብ እንድረቅልሽ?»

ወረፋው በሣቅ ተናጋ። የደንገል ታንኳ ቀን በቀን ውኃ እንደሚመጥ፥ ሳይደርቅ ቢጭኑበት ሰውም እህልም ይዞ እንደሚሰጥም ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ከሁሉ የገረመኝ ንግግሯ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ አለበት ብየ አሰብሁ።

እሷም አስባ ኖሯል። በማግሥቱ ወደ ቤታችን መጣች። አባቴ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ይባላል፤ ከሐይቁ ዳር ባለች ደብር ያገለግላል፤ በብራና መጽሐፍ የሚያስጽፍ ሰው ስለጠፋ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፋል። የሺአረግ ሐሳቧን ነገረችው። አባቴ እየሰማ መቃውን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አላቆመም።

«ምርጫው ይለፍ፥ የሺአረግ» አላት። «ጻፉ ያለ ሁሉ ጽሑፍ ይወዳል ማለት አይደለም።»

ዓይኑን አሞት ነው ብየ አሰብሁ፤ በዚያ ሰሞን ምሽት ላይ ዓይኑን ያሸው ነበር። ለእንቢታው ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።

አባቴ ወደ ደብሩ ሲሄድ ጠብቄ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ የሺአረግ ቤት ገባሁ። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ የቀበሌ ቤት ስለሆነች ኪራይዋን በየወሩ ለቢያዝን ጽሕፈት ቤት ትከፍላለች። ቀበሌው ባለው ቀን ልቀቂ ሊላት እንደሚችል እሷ ታውቃለች፤ እኔ አላውቅም ነበር። እኔ ልጻፍልሽ አልኋት። መጀመሪያ ሣቀች። መሠረተ ትምህርት ገብታ እስከ «ቀ» ድረስ ደርሳ ነበር፤ ወረቀት ሰው ያነብላታል እንጂ ራሷ አታነብም። ከዚያ አየት አደረገችኝና በርጩማውን ወደ ብርሃኑ ሳበችልኝ።

በወረቀቱ ላይ ስም እንደማያስፈልግ፥ ማንም ሰው በነፃነት የፈለገውን እንዲጽፍ ጓድ አስናቀ በስብሰባ ተናግሯል። እኔ በስብሰባው አልነበርሁም። እሷም ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ አላውቅም ብላ አልጠረጠረችም። የተናገረችውን አንድ ቃል ሳላጎድል በአባቴ መቃ፥ አባቴ ባስተማረኝ ቁም ጽሕፈት ጻፍሁት። መጨረሻው ላይ ክፍተት ተውሁ።

«የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» አልኋት።

«ወለተ ጊዮርጊስ። ምነው፥ ጸሎት ልታደርሽልኝ ነው?»

ቀዩን ቀለም በጠርሙስ ክዳን ይዠ መጥቸ ነበር። ስሟን ሞላሁት፤ ከጻፍሁት ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ወረቀቱን ዘቅዝቃ አቅንታ አየችና ቀዩ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። እንደ መጽሐፍ ነው አልኋት። ደስ አላት። ዳዊት እንደሚሳለሙት ወረቀቱን በከንፈሯ፥ ቀጥላም በግንባሯ ነካችው። የሳመችው የራሷን ስም መሆኑን አላወቀችም። ከዚያ አራት ቦታ አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችና ሄዳ ሣጥኑ ውስጥ ጨመረችው።

ሣጥኑ የተከፈተው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ በግንቦት ሙቀት ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። እኛ ልጆች በውጭ በኩል ድንጋይ አነባብረን በመስኮት እናያለን። አባቴ ከወንዶቹ ጋር በስተቀኝ፥ የሺአረግና አገርነሽ በሴቶቹ በኩል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጓድ አስናቀ ከመድረኩ ላይ ወረቀቶቹን እያነሣ ያነባል፤ ሱቁ ይነሣ፥ ይደገፍ፥ መንግሥታችን ያሰበልን ነው፥ ይደገፍ። እኔ የምጠብቀው የኔን ብቻ ነበር።

መጣ። ገና ሲዘረጋው ቀዩን አየሁት። ጓድ አስናቀ ጥሩ አንባቢ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ አነበበው። ታንኳው ላይ ሲደርስ ከሴቶቹ በኩል ሣቅ ተነሣና ወዲያው ታፈነ። ሙቀቱ ነው ያፈነው ብየ ገመትሁ። ቁልፉ ላይ ሲደርስ ያለቅስ የነበረ ሕፃን እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ። ጓድ ቢያዝን ከመድረኩ ጫፍ ተቀምጦ በመሐረብ አንገቱን ይጠርግ ነበር።

«ወለተ ጊዮርጊስ ማናት?» አለ ጓድ አስናቀ።

ማንም አልመለሰም። የነዋሪዎች መዝገብ ይምጣ ተባለ፤ ጸሐፊው ጣቱን እየላሰ ገለጠው፤ በዚህ ስም የተመዘገበች ሴት የለችም አለ። እኔ መስኮቱ ላይ ሆኘ ተደነቅሁ። ይህ ሁሉ ሰው የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብየ አሰብሁ።

ይህን ግምት ከተሳሳትኋቸው ነገሮች ሁሉ አስቀድሜ እጽፈዋለሁ። በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ሴቶች ከየሺአረግ ጋር በአንድ የጽዋ ማኅበር ይጠጡ ነበር። በማኅበር ሰው በክርስትና ስሙ ይጠራል። የታንኳውንም ነገር ሁሉም በየጧቱ ከአፏ ሰምተዋል። ቢያንስ ሃያ ሴት ያውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ያ ሕዝብ እጅ ሳያወጣ፥ ወረቀት ሳይጽፍ የሰጠው አንድ እውነተኛ ድምፅ ቢኖር ያ ዝምታ ነበር።

የሺአረግ ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል አየሁ። አገርነሽ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ጎትታ አስቀመጠቻትና እጇን በጉልበቷ ላይ ጭና ቆየች። በቦታ የተጣሉ መሰለኝ።

ጓድ ቢያዝን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ይህን ጽሕፈት የማያውቅ አለ ወይ፥ ስንት ማመልከቻ በዚህ እጅ ተጽፎ አንብበናል አለ። ሁሉም ሰው ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ተነሥቶ ወደ መድረኩ ሄደና ወረቀቱን ተቀበለ። ረጅም ጊዜ አየው። የፊደል ስሕተት እየፈለገብኝ ነው ብየ እጄን በአፌ ላይ አደረግሁ።

«መሪጌታ፥ ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ወለተ ጊዮርጊስስ?»

«ማንም አይደለችም» አለ አባቴ። «ለማሳረጊያ ያህል ከልቤ ያወጣኋት ስም ናት።»

አባቴ አንዲት ነጥብ ቢያዛንፍ ገጹን በሙሉ ፍቆ እንደገና የሚጽፍ ሰው ነበር። ዋሸ። በሕዝብ ፊት የዋሸው ውሸት ደግሞ ሥራየን የወሰደብኝ ውሸት ነው። ሁለት የጥበቃ ጓዶች ይዘውት ሲወጡ በመስኮቱ ሥር አለፈ፤ ወደ ላይ አየኝ፤ እኔ ፊቴን አዞርሁ።

ያን ፊት ማዞሬን የሚያርመው ሌላ ዓምድ የለም። ያየሁትና ያደረግሁት ነው።

አባቴ በቀበሌው እስር ቤት ሦስት ቀን ሰነበተ። እናቴ እናትዓለም ምሳና ራት ታመላልሳለች። ስትሄድ አልከተላትም፤ ሆዴን አሞኛል እላለሁ። በሁለተኛው ቀን እናቴና አገርነሽ በቤት ውስጥ ሲነጋገሩ እኔ ደጅ ላይ ጥላሸት እፈጭ ነበር፤ ለጥቁር ቀለም። የሺአረግም ፊቷን ሸፍና ገባች። እያለቀሰች ነበር፤ ለአባቴ አዝና ነው ብየ አሰብሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ ተነጋገሩ። በግድግዳው በኩል ተቆራርጦ ይመጣልኛል፤ ቤቱ፥ ካርዱ፥ ቢበዛ ሳምንት ነው፥ አንች ዝም በይ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሳይቆረጥ ሰማሁ። የእናቴ ድምፅ ነበር።

«ስሟን ቢነግሯቸውማ ዛሬውኑ ይለቋቸዋል።»

በሕፃን አእምሮየ ነገሩ ግልጥ ሆነልኝ። አባቴ አላወቀውም። ስም ከልቤ አወጣሁ ያለው እውነተኛዋ ወለተ ጊዮርጊስ ማን እንደሆነች ስላላወቀ ነው። የሚያውቀው ሰው ቢነግርለት ይወጣል።

የዚያን ዕለት ማታ እናቴ ከምሳ ዕቃው ጋር መልእክት ይዛልኝ መጣች። «አባትሽ ለልጄ ለሙሉ ንገሪልኝ ብለዋል። ፊደሎችሽ ቀጥ ብለዋል፥ እንዲሁ ቀጥይ ብለዋል።» ያን ሁሉ ቀን በልቤ የቋጠርሁት ቂም ለቀቀኝ። የኔ ጽሕፈት መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። አልተቆጣም ማለት ነው። ከዚያም አልፌ፥ እውነቱን ብናገር ይወዳል ማለት ነው አልሁ። ይህ የመጨረሻው ግምት ነው። አባቴ በእስር ቤት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ የተጨነቀው ልጄ ጥፋተኛ ነኝ ብላ እንዳታዝን ብቻ ነበር። ስሙን በእጄ የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ ማወቄ አደጋ እንደሆነ አላሰበውም። ማናቸውም አላሰቡትም። ሕፃን ዝም ማለትን ያለ ማስተማር ያውቀዋል ብለው ይሆናል።

በማግሥቱ ጧት ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ብቻየን ሄድሁ። ጓድ ቢያዝን አልነበረም። ጓድ አስናቀ መስኮቱን ከፍቶ ጋዜጣ ያነባል። ስለ ክፋቱ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ያየሁት ክፋት የለም። ወንበር ሰጠኝ። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ ስለው አላመነም፤ እስክሪፕቶውን ሰጥቶ እስኪ ጻፊ አለኝ። የራሴን ስም በቁም ጽሕፈት ጻፍሁ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ከዚያ የወለተ ጊዮርጊስን ነገር ጠየቀኝ።

«የእትየ የሺአረግ የክርስትና ስም ነው» አልሁት። «አባቴ አያውቅም። እባክህን ልቀቀው።»

በሰማያዊ እስክሪፕቶ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ማን እንደ ነገረው ለማንም እንደማይናገር፥ እኔም እንዳልናገር፥ ይህ በእኔና በእሱ መካከል እንደሚቀር ነገረኝ። እስክሪፕቶውን ያዥው አለኝ። ቃሉን ጠበቀ። ቃሉን መጠበቁ ምን እንዳስከተለ ለማወቅ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

እኩለ ቀን ሳይሆን አባቴ ወደ ቤት መጣ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ ፊቱን ስታይ መልሳ ገጠመችው። እኔ እስክሪፕቶየን ይዠ ወደ እሱ ሮጥሁ። እስክሪፕቶውን አየው። የመንግሥት ዕቃ መሆኑ ያስታውቃል፤ በእኛ ሠፈር እንዲህ ያለ የያዘ ልጅ የለም። ማን ሰጠሽ አላለኝም። እጁን በራሴ ላይ አድርጎ ቆየ፤ እጁ ይከብድ ነበር። የባረከኝ መሰለኝ።

በሳምንቱ የየሺአረግ ቤት ለቀበሌው ሥራ ተፈለገ። የሱቅ ካርዷንም መለሰች። ለእኔ የተነገረኝ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ የባሏ ዘመዶች እንዳሉ፥ ዓሣም እዚያ እንደሚረክስ ነው። ጥሩ ሆነላት ብየ ዕቃዋን እስከ ሐይቁ ዳር ተሸከምሁላት። ዝናብ ስላልጣለ ውኃው ርቆ ነበር፤ ጀልባው ጋ ለመድረስ ጭቃውን በባዶ እግራችን ተሻገርነው። የማኅበሯ ሴቶች ሁሉ ለስንብት ወጥተዋል። አገርነሽ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ የሺአረግ ወደ ጀልባው ዞረች። አላየቻትም ብየ አገርነሽ ቆማለች አልኋት። እኔን ግን ሁለት ጉንጬን ስማ አባትሽን አደራ አለችኝ።

ሱቁ ተነሣ። ስኳር በሁለት የጭነት መኪና መጣ። የተላከው ሪፖርት ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ደግፏል ይላል፤ ይህን በምርጫው ዕለት በድምፅ ማጉያ ሲያነቡት ሰምቻለሁ። በዋዜማው በየቤቱ አንድ አንድ ኪሎ ታድሎ ነበር። ጓድ ቢያዝን ሲመረጥ አባቴም እጁን አወጣ፤ እናቴም። አገርነሽን የሱቁ ስኳር መዛኝ አድርገው ቀጠሯት፤ ሻይ ቤት ስለያዘች ሚዛን ታውቃለች ተብሎ። ሴቶቹ ከዚያ ወዲህ ቦኖ ላይ ስትመጣ ወሬ ያቆሙ ነበር። ሥራ ስላገኘች አክብረዋት ነው ብየ ገመትሁ። ማኅበሩም በዚያው ክረምት ፈረሰ። ማን ማንን በክርስትና ስሙ ይጠራል ከእንግዲህ።

አባቴ በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት አረፈ። ዕድሜየ ከፍ ብሎ ነገሩን መጠርጠር ስጀምር አንድ ቀን ጠይቄው ነበር፤ ያን ጊዜ ለምን ዝም በይ አላሉኝም ብየ። መቃውን እየቀረጸ ነበር። «ዋሽ ብየ ሰው አስተምሬ አላውቅም» አለ። ቀጥሎም «ማስተማር ነበረብኝ» አለ።

በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት የውኃ መለኪያ ልተክል ወደ ቁንዝላ ሄድሁ። የጀልባው ተሳፋሪ የሚበላባት ዳስ ውስጥ ገብቸ ስቀመጥ ዓሣ የምትጠብሰው ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ገና ሳልናገር በግንባሬ የመሪጌታ ልጅ መሆኔን አወቀች። የሺአረግ ነበረች፤ ጠጉሯ ሸብቷል። እያገላበጠች፥ እየጠየቀች፥ አባቴን አልቅሳ ነፍሳቸውን ይማር ብላ፥ የእናቴን ደኅንነት ሰምታ፥ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ለወጠች።

«አገርነሽስ አለች?»

በዘጠና አንድ እንዳረፈች ነገርኋት። ነፍስ ይማር አላለችም። ምጣዱን ትንሽ ገፋ አድርጋ እሳቱን አየች።

«እሷ ናት የሸጠችኝ፥ ሙሉ። ስሜን ለካድሬው ነግራ፥ ለስኳር መዛኝነት። ያን ቀን በስብሰባ ልናገር ስነሣ ጎትታ አስቀምጣኝ፥ በሦስተኛው ቀን ራሷ ሄደች። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከች። አንድ ጊዜም በጀልባ መጥታ እዚያ ከሾላው ሥር ሙሉ ቀን ተቀመጠች። ዝናብ መታት። በሬን አልከፈትሁላትም።»

ለመናገር ብዙ መንገድ ነበረኝ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሬ፥ ከቀይ ቀለሙ ጀምሬ። ከመጨረሻው ጀመርሁ።

«እኔ ነኝ የነገርሁት። አገርነሽ አንድም ቀን አልሄደችም። እኔ ነኝ፥ እትየ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገርሁ፤ ወረቀቱን፥ ስሙን፥ በግድግዳ የሰማሁትን፥ እስክሪፕቶውን። ከመስኮቱ ያየሁትንም፤ አገርነሽ እጇን በጉልበቷ ላይ እስከ ስብሰባው ፍጻሜ አላነሣችም ነበር። ምጣዱ ላይ ያለው ዓሣ ጠቆረ፤ አላገላበጠችውም። ሕፃን ነበርሽ ትለኛለች ብየ ጠበቅሁ። አላለችኝም።

«የት ነው የቀበሯት?»

ደብሩን ነገርኋት፤ በምሥራቅ በኩል፥ ከአጥሩ ሥር።

«ጀልባው መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ነገ ጧት፥ በሁለት ሰዓት።»

ምጣዱን አውርዳ እሳቱ ላይ ውኃ ደፋችበት። ሁለት መንገደኞች ምሳ ፈልገው ገብተው ነበር፤ ዛሬ የለም ብላ መለሰቻቸውና ለነገው ጀልባ ነጠላዋን ልታዘጋጅ ወደ ውስጥ ገባች።